ባትሪ አይበላም

ራዲዮ አፏን ዘግታ ሽንኩርት እየላጠች ሳለ፣ የገዛ ድምጿ ከእናቷ ስልክ ውስጥ ወጥቶ ያወራ ጀመር።

«ሰላም የኔ ጆሮዎች፣ ይሰማል?» አለ ድምጿ። ቀጥሎም ለአንድ የእጅ ሰዓት ውዳሴውን አወረደለት። ሰዓቱ የደም ግፊት ይለካል፤ ሐኪም ቤት መመላለስ ድሮ ቀረ፤ እኔ ራሴ አስሬዋለሁ፣ እናቴም አስራዋለች። እናቷ ስልኩን የስኳር ቆርቆሮው ላይ አስደግፋ በልጇ እየኮራች ፈገግ ብላ ታዳምጣለች። ከዚያ ባዶ እጇን አየችና ፈገግታዋ ቀስ እያለ ጠፋ።

«እኔ መቼ ነው ሰዓት ያሰርኩት?» አለች። «ደግሞስ ከዚያ መሥሪያ ቤት ለቅቄያለሁ አላልሽኝም ነበር?»

ራዲዮ ቢላዋውን አስቀመጠች። ለቅቃለች፤ ከለቀቀች ወራት አልፈዋል። ይህን ነገር አልቀዳችም፣ አላነበበችም፣ በሕልሟም አልተናገረችውም። ድምፁ ግን የእሷ ነው። ዓረፍተ ነገር ስትጨርስ ወደ ላይ የምታነሳት ዜማ እንኳ ሳትቀር አለች።

መስኮቱ አጠገብ የተቀመጠችው አክስቷ፣ የእናቷ ታላቅ፣ እጅጌዋን ሰብሰብ አድርጋ ክንዷን ዘረጋች። ሰዓቱ እዚያ አለ፤ ጥቁር፣ አዲስ፣ የሚያብለጨልጭ።

«አንቺ ካልሽ ብዬ ገዛሁት» አለች አክስቷ። «ሐኪም ቤቱንም ተውኩት፤ ወረፋው ሊገድለኝ ነው። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። ለዋና ነው ትያለሽ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ የት ሄጄ ነው የምዋኘው?»

እናቷ ሳቀች። ራዲዮ ግን ደሟ ፈልቶ ስለነበር ስለ መዋኘቱ የተባለው በአንድ ጆሮዋ ገብቶ በሌላው ወጣ። ነገውኑ ሐኪም ቤት እንድትሄድ፣ ያን የተናገረችው እሷ እንዳልሆነች፣ የሆነ ሰው በማሽን የሠራው ድምፅ እንደሆነ ለማስረዳት ሞከረች። አክስቷ ከፍ ዝቅ አድርጋ አየቻት።

«ድምፅሽን አላውቅም ልትዪኝ ነው? አዝዬ ያሳደግኩሽ ልጅ?»

እስቲ ፍረዱ። ሰው ንብረቱ ቢሰረቅ ጮሆ ሌባ ሌባ ይላል። የገዛ ድምፁ ሲዋሽበት ግን በምን አፉ ያስተባብላል? ያው በዚያው ድምፅ ነው። አክስቷ ተቀይማ ሄደች፣ ሰዓቱንም እንዳሰረች። የቆየ የደም ግፊት አለባት፤ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል።

ራዲዮ የሚለውን ስም ያወጡላት አባቷ ናቸው። ልጅ ሆና ጠዋት ዓይኗን ስትገልጥ የጀመረችውን ወሬ የምታቆመው እንቅልፍ ሲጥላት ነበር፤ አባቷም «ኧረ ይሄን ራዲዮ ዝቅ አድርጉት» ይሉ ነበር። ስታድግ ወሬው መተዳደሪያዋ ሆነ። በየሳምንቱ ስለ ስልክ፣ ስለ ኮምፒውተር፣ ስለ አዳዲስ መተግበሪያዎች ፖድካስት ታቀርብ ጀመር። ድርጅቱ የአንድ ሕንፃ ላይኛው ፎቅ ላይ ነበር። ስቱዲዮው ጠባብ ሆኖ ግድግዳው ስፖንጅ ተለጥፎበታል፤ መሀሉን መስታወት ይከፍለዋል፤ ከመስታወቱ ወዲያ ድምፅ የሚያርመው ወጣት ይቀመጣል። ይህን ወጣት ሁሉም «ሳይለንት» ነበር የሚሉት። ሳይለንት ላይ እንደተደረገ ስልክ ይሠራል እንጂ አይጮህም።

የመጀመሪያ ቀን የተጻፈላትን በጥድፊያ ስታነብ «ይህ መተግበሪያ ባትሪ ይበላል» የሚል ቦታ ደረሰች። ፊደላችን መቼም የቱ እንደሚጠብቅ የቱ እንደሚላላ አይናገርም። አላልታ ማንበብ ሲገባት አጥብቃው አለፈች፣ ባትሪው ለምሳ የቀረበ ይመስል።

በጆሮ ማዳመጫዋ ውስጥ ዝግ ያለ የወንድ ድምፅ መጣ። «ባትሪ አይበላም» አላት።

ቀና ስትል ከመስታወቱ ወዲያ ፊቱ ላይ ምንም የማይነበብ ወጣት ያያታል። ምን ማለቱ እንደሆነ እስኪገባት ጥቂት ቆየች። ሲገባት ማይክሮፎኑ ላይ ተደፍታ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እሱ አልሳቀም፤ ብቻ ከንፈሩ ጫፍ ላይ የሆነ ነገር ሲንቀሳቀስ አየች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብዙ ሺህ ሰው ያዳምጠኛል እያለች የምታወራው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለዚያ ከንፈር ነበር።

ሳይለንት አንድ ፊደል ሳይጠብቅ ካለፈ ሙሉውን ያስደግማታል። እሷ ትናደዳለች፤ ወገቧን ይዛ «ሰው እኮ ይገባዋል!» ትለዋለች። «ይገባዋል፤ ግን ይጎረብጠዋል» ይላትና እንደገና ያስጀምራታል። ቀረፃ ከመጀመሩ በፊት ሁልጊዜ እሷ «ይሰማል?» ትላለች፣ እሱም «ይሰማል» ይላል፤ ሁለቱም አጥብቀው፣ ድምፁ ይደርሳል ወይ፣ አዎ ይደርሳል ለማለት ነው።

አንድ ቀን ግን እሷ አጥብቃ ስትጠይቅ እሱ አላልቶ መለሰላት። «ይሰማል» አለ። ድምፁ ይደርሳል ማለቱ አልነበረም። ይሄ ከመስታወቱ ወዲህ የተቀመጠው ሰውዬ ይሰማል፣ ያዳምጥሻል ማለቱ ነበር። ለአንዲት ፊደል ቀኑን ሙሉ የሚያስደግም ሰው ደግሞ በስህተት አያላላም። ራዲዮ ገብቷታል። ዓይኖቻቸው መስታወቱ ላይ ተገናኙ፤ ያን ቀን ወሬኛዋ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር እስክትጀምር ብዙ ቆየች። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ነገሩን አላነሱትም። እሱ መቼም አይናገርም፤ እሷ ደግሞ ስለ ዓለሙ ሁሉ እያወራች በዚህ ላይ ብቻ አፏ ተያዘ።

ነገሩ የተበላሸው ያ ሰዓት ሲመጣ ነው። አለቃዋ ሣጥኑን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጦ ማስታወቂያ ሳይመስል አመስግኚው አላት። እሷም ሳልሞክረው አላወራም ብላ ወሰደችው። ክንዷ ላይ ብታስረው ደህና ነሽ አላት። ጎረቤቷ ክንድ ላይ ብታስረው ደህና ነሽ አለ። እንዲያው ለነገሩ ብላ የሶፋውን መደገፊያ ብታስርበት፣ ሶፋውም የደም ግፊቱ መልካም ሆኖ ተገኘ። ይህን ሄዳ ስትነግረው አለቃዋ እንደ ሕፃን አባበላት። እኛ አንዋሽም፣ የተሰጠንን ነው የምናነበው፤ ደግሞ እህቴ፣ አንቺ እምቢ ብትዪ የሚያነብ አይጠፋም አላት።

«ሶፋውን አስነብበው» አለችው። ዕቃዋን ሰበሰበች።

ስትወጣ መስታወቱ ፊት ቆመች። ስንት ዓመት ከኋላው ሆኖ የሰማትን ሰው አየችው። «እኔ ወጣሁ፤ አንተስ?» አለችው።

ሳይለንት እሷን አየ፣ ኮምፒውተሩን አየ፣ ከዚያ አንገቱን ደፋ። «አሁን አይደለም።»

ከዚህ በላይ ምን ትጠብቅ? ደረጃውን እየወረደች ቁጥሩን ከስልኳ ላይ ዘጋችው። እስከ ምድር ቤት ስታለቅስ ነበር፤ ንዴት ነው እንጂ ሌላ አይደለም እያለች።

ቤቷ ገብታ የልብስ ቁም ሣጥኗን ስቱዲዮ አደረገችው። ካፖርቶቹ ድምፅ አያስተጋቡም፤ ከስፖንጅ አይተናነሱም። ሥራዋንም ከሥሩ ቀየረችው። አዲስ ስልክ ማወደስ ቀረና፣ በእጃቸው ያለው ስልክ ላስቸገራቸው ሰዎች ማውራት ጀመረች፤ ፊደሉን እንዴት እናተልቀው፣ ይሄ ሽልማት ደረሰህ የሚለው መልእክት እንዴት ውሸት እንደሆነ እንወቅ፣ ልጅ ልጆቻችንን ሳንለምን እንዴት ፎቶ እንላክ። አድማጮቿ ጥቂት ነበሩ፤ ግን እየደወሉ ይመርቋታል። ምርቃቱን ብቻዋን ስትሰማ፣ ከመስታወት ወዲያ የምታየው ሰው አለመኖሩ ያንገበግባት ነበር።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ይዛ ነው ያን ቀን ከእናቷ ማድቤት በቀጥታ ወደ ድሮ መሥሪያ ቤቷ የሄደችው።

አለቃዋ አልደነገጠም። እንዲያውም ደስ ያለው ይመስል ነበር። ሲያስረዳት፣ ዓመታት ሙሉ እዚህ የቀዳሽው የድርጅቱ ነው፤ እኛ ከቀረፃው ላይ በማሽን ድምፅ ሠራን፤ ስምሽን አልተጠቀምንም፤ ድምፅ ደግሞ ስም የለውም አለ። ስም የለውም! አክስቷ ስሙንም ሳትጠይቅ ያመነችውን ድምፅ።

«ማን ነው የሠራው?» አለችው። «ሳይለንት ነው?»

አለቃው ፈገግ አለ። «ያለ እሱ እጅ እዚህ ቤት ምን ድምፅ ይወጣል?»

ራዲዮ እርር ድብን ብላ ወጣች። አውቶቡስ ውስጥ ወንበር ይዛ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገችና ያንን የሰዓት ውዳሴ ከመጀመሪያው ከፈተችው። እስከ መጨረሻው ሰምታ በደንብ ልትጠላው ነበር ሐሳቧ። ያ ጆሮ፣ ያ እጅ፣ እያንዳንዷን ትንፋሿን የሚያውቅ ሰው ለዚህ አዋላት!

«የዚህ ሰዓት ዋና ጥቅም» አለ ድምጿ፣ አላልቶ፤ ሰዓቱ የሚዋኝ ይመስል።

ራዲዮ ቀና አለች። አክስቴ ያለችው ይሄንን ኖሯል! መልሳ አዳመጠችው። አዎ፣ ዋና፣ ውኃ ውስጥ የሚገባበት ዋና ነው። ቀጠለች። ድምጿ ስለ ውበቱ አወራ፣ ስለ ቀለሙ አወራ፣ ከዚያ በዚያው በደስታ ዜማ «ከሌሎች ሰዓቶች ያነሰ ባትሪ ይበላል» አለ። አጥብቆ። ባትሪውን ለምሳ አቀረበው።

አውቶቡሱ ውስጥ ብቻዋን ሳቀች። አጠገቧ ጠጋ ብለው የነበሩት ሴትዮ ሸሸት አሉ። ከዚያ ሳቋ መሀል ላይ እንባዋ መጣ። ይሄ ነገር በሳይለንት ጆሮ አልፎ አያውቅም። ሰውዬው ቢለምኑት፣ ቢያስፈራሩት፣ እንቅልፍ ይዞት እንኳ ቢሆን፣ ይቺን ፊደል አያሳልፋትም። መጀመሪያ ያናገራት በእሷው ምክንያት አይደል? ሌላ ምስክር አላስፈለጋትም። እጁ የለበትም።

ዘግታው የነበረውን ቁጥር ከፍታ ደወለች። ሲያነሳ ሰላምታም አልሰጠችው።

«ባትሪ ይበላል?»

«አይበላም» አላት።

ያለበትን ሲነግራት ወረደችና ሌላ አውቶቡስ ያዘች። የሚሠራው ዓይነ ስውራን መጻሕፍት የሚያዳምጡበት ቤት ውስጥ ነበር። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ ማይክሮፎን ያለባት ክፍል ውስጥ አገኘችው። ከድርጅቱ የለቀቀው እሷ በወጣችበት ሳምንት እንደሆነ ያኔ ሰማች። አለቃው ለማሽኑ በሚሰጡት ጽሑፎች ላይ የሚጠብቁትን ፊደሎች ምልክት እንዲያደርግባቸው አዝዞት ነበር፤ እሱም እምቢ ብሎ ወጣ።

ራዲዮ ደስታዋን ወደ ጎን አድርጋ ንዴቷን አስቀደመች፤ ብዙ ጊዜ ተራ የጠበቀው ንዴቷ ነበራ።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ቁጥሬን ዘግተሽዋል።»

«ቤቴን አታውቀውም?»

«መጥቼ ነበር» አለ። «ደጋግሜ። በሩ ጋ ስደርስ ከውስጥ ስታወሪ እሰማለሁ። ቀረፃ ላይ ነች ብዬ እመለሳለሁ። ቀረፃ ላይ በር አይንኳኳም።»

«እኔ እኮ ሁልጊዜ ነው የማወራው! ግማሹን ቀን ከድስት ጋር ነው የማወራው!»

«አውቃለሁ። ግን የቱ ቀረፃ እንደሆነ፣ የቱ ድስት እንደሆነ ከውጭ አይለይም።»

እንዲህ ያለ ስህተት የሚሠራ ሌላ ሰው በምድር ላይ አይገኝም። ልትስቅ ነበር፤ ግን ያቺ «አሁን አይደለም» ገና አልወጣችላትምና ጠየቀችው። ሳይለንት መሳቢያውን ከፍቶ ትንሽ የመረጃ ማከማቻ አወጣና መዳፏ ላይ አኖረላት። በዚያ ቀን ኮምፒውተሩ ላይ ለሕዝብ ያልወጣው ሁሉ ነበር አላት፤ በቀረፃና በቀረፃ መሀል የሳቀችው፣ አባቷ የሞቱ ሰሞን አንብባ መጨረስ አቅቷት ያለቀሰችው፣ አለቃውን የሰደበችው። ማሽኑ ይሄንንም ሊማረው ነበር። ስለዚህ ቀርቶ ሁሉንም እዚህች ላይ ገልብጦ ከኮምፒውተሩ አጠፋው። ማሽኑ የተማረው ለሕዝብ ከወጣው ብቻ ነው።

«ሳቅሽን አያውቀውም» አላት። «እሱን አልሰጠኋቸውም።»

ራዲዮ መዳፏን ጨበጠች። ከዚያ ግን እንደገና ነደዳት፤ ልታቆመው አልቻለችም፣ ልታቆመውም አልፈለገችም።

«ሳቄን አዳንክ፤ እግዜር ይስጥልኝ። አክስቴንስ? ይሄን ማሽን እየሠሩ እንደሆነ አንተ ታውቅ ነበር። ዝም አልክ። ዝም ማለት ሁልጊዜ ጨዋነት ነው ያለህ ማን ነው? አሁን እኔ ወጥቼ እኔ አይደለሁም ብል ማን ያምነኛል? የምናገረው በዚያው ድምፅ ነው። ሌላ ድምፅ ነው የሚያስፈልገኝ።»

ሳይለንት ዓይኑን ከእሷ ላይ አላነሳም። አላስተባበለም፤ ምክንያት አልደረደረም። «ልክ ነሽ» አለ። ከዚያ ደግሞ፣ ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ እያለ፣ «እናገራለሁ» አለ።

በማግስቱ በራዲዮ ቁም ሣጥን ውስጥ ሁለት ሰው ገባ። በካፖርቶቹ መሀል ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመው ተቀመጡ፤ ማይክሮፎኑን መሀላቸው አደረጉት። እጁን ያዘችለት። የተናገረው ብዙ አልነበረም። የዚህችን ሴት ድምፅ ለዓመታት ያረምኩት እኔ ነኝ፤ ሰዓቱን የሚያወድሰው እሷ አይደለችም፤ እሷ ሰዓት አታስዋኝም፣ ባትሪም አታበላችሁም፤ ያሰራችሁትን ፈትታችሁ ሐኪም ቤት ሂዱ። ያለው ይህን ነው። ሰው የሚያምነው ዝምተኛ ሲናገር ነውና፣ አመኑት።

እናቷ ስልኩን የእህቷ ጆሮ ላይ ለጥፋ አሰማቻት። አክስቷ «ጎሽ፣ እኔም መዋኘቱ አልገባኝ ብሎ ነበር» አለችና በእናቷ ተደግፋ ሐኪም ቤት ሄደች። ግፊቷ ከፍ ብሎ ተገኝቶ ተኝታ እንድትታከም አደረጓት። ነርሷ አንድ ሳምንት ብትቆዪ ኖሮ ብላ ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርሰው ቀረች። ራዲዮ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ ያንን ያልተጨረሰ ዓረፍተ ነገር ለአለቃዋ ጨረሰችለት፤ እዚህ የሚጻፍ አይደለም።

ሰዉ ግን ነገሩን ቀልድ አደረገው። ወደ ድርጅቱ እየደወሉ «ባትሪያችሁ ይጣፍጣል ወይ?» ይሏቸው ጀመር። ድርጅቱም በሁለት መስመር «በቴክኒክ ችግር ምክንያት» ብሎ የሰዓቱን ዝግጅት አነሳ። ቴክኒክ ችግር! ይቅርታ የለ፣ አጥፍተናል የለ። ድምጿንም አልመለሱም፤ ራዲዮ ጠበቃ ይዛ እየተከራከረች ነው፤ ነገሩ ሲነሳ አሁንም ድምጿ ጎረቤት ይደርሳል።

ራዲዮና ሳይለንት ግን ሌላ ሥራ ጀምረዋል። ጽሑፍ አንብቦ ለዓይነ ስውራን የሚነግር ድምፅ እየሠሩ ነው። ድምፁን የሰጠችው ራዲዮ ናት፣ ተጠይቃ፣ ፈቅዳ። እሱ የሚጠብቀውን ከሚላላው እያጣመረ ቃላቱን ያቀርብላታል፤ እሷ ታነባለች። በዚያች ክፍል ውስጥ መስታወት የለም። እሱ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ነው፣ እጅ ቢዘረጋ የሚደረስበት ቦታ።

ትናንት ቀረፃው ሲጀመር ራዲዮ ማዳመጫዋን አድርጋ እንደ ወትሮው ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ አለች።

«ይሰማል?» አለች። አላልታ።

ሳይለንት እጁን ከማሽኑ ላይ አነሳ። አያት።

«ይሰማል» አላት። አላልቶ።

ቀረፃው ላይ ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ዝምታ ነው። ሳይለንት አልቆረጠውም።